ብሮከሬ የላከው 1099-ቢ ከደብተሬ ጋር አልገጥም አለኝ

የሌሊት ሹፌር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ማታ ማታ እነዳለሁ፣ ቀን ቀን ትንሽ ፊውቸርስ (ዕቃን ወደፊት በተወሰነ ዋጋ ለመግዛት ወይም ለመሸጥ የሚደረግ ውል) እነግዳለሁ፤ ማይክሮ የሚባሉትን ትንንሾቹን ውሎች ብቻ። የ2024 ታክሴን ልሠራ ስቀመጥ ብሮከሩ የላከልኝ 1099-ቢ፣ ማለትም የዓመቱን ትርፍና ኪሳራዬን የሚያሳየው የታክስ ፎርም፣ ከራሴ ደብተር ጋር አልገጥም አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኖቬምበር 2023 ሁለት ማይክሮ ወርቅ አውንሱን በ2,010 ዶላር ገዛሁ። ዓመቱ ሲያልቅ 2,072 ላይ ነበር፤ አልዘጋሁትም። ጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ላይ በ2,040 ሸጥኩት። አንዱ ማይክሮ 10 አውንስ ስለሆነ ከሁለቱ ያገኘሁት 600 ዶላር ነው። የቀረው የዓመቱ ንግድ ትርፍና ኪሳራው ተቻችሎ 3,100 ትርፍ ሰጠኝ። ፎርሙ ቦክስ 8 (በዓመቱ የተዘጉ ውሎች ትርፍ) ላይ 3,700 ይላል፤ እሱ ልክ ነው። ቦክስ 9 (በ2023 መጨረሻ ክፍት የነበሩ ውሎች ትርፍ) ግን ዜሮ። ቦክስ 10ም ዜሮ ነው፤ ዲሴምበር 31 ምንም ክፍት ነገር ስላልነበረኝ እሱ አያከራክርም። ቦክስ 11 (ማጠቃለያው) ላይ 3,700።

ያላማረኝ ቦክስ 9 ነው። ባልተዘጋው ወርቅ ላይ አምና 1,240 ትርፍ ተብሎ ታክሱን ከፍያለሁ! ሁለቴ ሊያስከፍሉኝ ነው? ብሮከሩ ጋ ደወልኩ፤ «ፎርሙን ሲስተሙ ነው የሚያወጣው» ብሎ ሸኘኝ። ታክስ የሚሠራልኝ ልጅ ደግሞ ፊውቸርስ ሲባል አክሲዮን እየመሰለው ፎርም 8949 ላይ ልሙላልህ ይላል። ምን ይሻለኛል?

ቡና በጨው፦
ወንድሜ፣ ምን ያጨናንቅሃል። ከ3,700ው ላይ 1,240ውን ቀንስና 2,460 ብለህ ሙላ። እውነቱን እስከጻፍክ ድረስ ማን ምን ይልሃል?

እትዬ ሂሳብ፦
ቡና በጨው፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ መንገዱ ግን አይደለም። አይ አር ኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) ጋ ያለው ኮምፒውተር ብሮከሩ የላከውን ቁጥርና ሰውዬው የሞላውን ጎን ለጎን ያያል። አንደኛው 3,700 ሌላኛው 2,460 ካለ፣ ከወራት በኋላ ሲፒ 2000 የሚባል ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው ራሱ ቅጣት አይደለም፤ «ይህን ልዩነት አስረዱን» ነው የሚለው። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 30 ቀን ነው። ሥራ ላይ ውሎ ለሚያድር ሰው ራስ ምታት ነው።

ጠያቂው፣ ከመሠረቱ ልጀምርልዎ። በአሜሪካ የታክስ ሕግ የፊውቸርስ ውል አንቀጽ 1256 ውስጥ ነው የሚገባው። ያልዘጉት ውል ዲሴምበር 31 ላይ እንደተሸጠ ተቆጥሮ ይታከሳል። አምና 1,240 የከፈሉበት ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ውሉ ሲዘጋ፣ ያ የተከፈለበት ትርፍ መልሶ መቀነስ አለበት። ቦክስ 9 የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ሂሳቡ አጭር ነው፦ ቦክስ 8 ሲቀነስ ቦክስ 9 ሲደመር ቦክስ 10፣ ይኸው ቦክስ 11።

ልብ ይበሉ፣ ወርቁ በ2024 ውስጥ ለርስዎ ኪሳራ ነው። ከ2,072 ወደ 2,040 ነው የወረደው፣ 640 ዶላር። 600 ትርፍ የሚመስለው ከመጀመሪያው መግዣ ሲቆጠር ነው።

አሁን የአምናውን 1099-ቢ ያውጡ። የአምናው ቦክስ 10 እና የዘንድሮው ቦክስ 9 አንድ ዓይነት ቁጥር መሆን አለባቸው። ካልሆኑ የዲሴምበር 2023 ወርኃዊ ስቴትመንትዎን ይፈልጉ፤ ክፍት የነበረው ውል በስንት ዋጋ እንደተያዘ እዚያ ላይ አለ። ሁለቱን አያይዘው ለብሮከሩ በጽሑፍ «የተስተካከለ 1099-ቢ ላኩልኝ» ይበሉ። በስልክ ያሉት ነገር አየር ላይ ነው የሚቀረው።

እምቢ ካሉም መላ አለው። የአንቀጽ 1256 ውሎች የሚሞሉበት ፎርም 6781 አለ፤ መስመር 1 ላይ 3,700ውን እንዳለ ይጽፋሉ። መስመር 4 የተቀመጠው 1099-ቢን ለማስተካከል ነው፤ እዚያ ላይ 1,240 ቀንሰው ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጽፈው ያያይዛሉ። እንዲህ ሲሆን የብሮከሩም ቁጥር ይታያል፣ የርስዎም እውነት ይታያል።

ፎርም 8949ን ይርሱት። እሱ ለአክሲዮን ነው። የእርስዎ ከ6781 በቀጥታ ስኬጁል ዲ (የካፒታል ትርፍና ኪሳራ የሚደመርበት ቅጽ) ላይ ነው የሚያርፈው፤ 60 በመቶው እንደ ረጅም ጊዜ፣ 40 በመቶው እንደ አጭር ጊዜ ትርፍ። ልጁ 8949 ላይ ከሞላው 60 በመቶው የሚያገኘው የረጅም ጊዜ የታክስ ቅናሽ ያመልጥዎታል።

ዳላስ ነኝ፦
እትዬ ሁሉንም ብለውታል። እኔ ግን አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ወንድሜ፣ ጃንዋሪ አካባቢ የአካውንት ቁጥርህ ተቀይሮ ነበር? ወይም ብሮከሩ ከኋላው ያለውን ክሊሪንግ ድርጅት (ገንዘቡንና ውሉን የሚይዘውን) ቀይሮ ነበር?

የሌሊት ሹፌር (ጠያቂ)፦
ወይ ጉድ። አዎ! ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ «አካውንትዎ ወደ አዲስ ክሊሪንግ ድርጅት ይዛወራል፣ እርስዎ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም» የሚል ኢሜይል መጥቶ ነበር። ምንም አድርግ ስላላለኝ ምንም አላደረግኩም። ወርቁ ራሱ ከነዋጋው ነው የተዛወረው።

ዳላስ ነኝ፦
በቃ ገባኝ። እኔንም እንደዚሁ አድርጎኝ ነበር። ፎርሙን የሚያወጣው አፑ ላይ ስሙን የምታየው ብሮከር ላይሆን ይችላል፤ ገንዘቡን የያዘው ክሊሪንግ ድርጅት ሊሆን ይችላል። አዲሱ ድርጅት የ2023ን ትርፍ አያውቅም፤ በ2023 ደንበኛው አልነበርክማ። ስለዚህ ቦክስ 9 ዜሮ። የ2023ን የያዘው አሮጌው ነው፤ እሱም ለጃንዋሪዎቹ ቀናት ብቻውን ሌላ 1099-ቢ አውጥቶ ይሆናል። የጎደለህ እሱ ይመስለኛል። የድሮውን መግቢያ ሞክር። ካልከፈተልህ የድሮውን አካውንት ቁጥር ይዘህ ደውል፤ የአዲሱን ከሰጠሃቸው «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ይሉሃል። እኔ አንድ ሳምንት ያባከንኩት በዚህ ነው።

ሚኒያፖሊስ ብርዱ፦
ጥያቄ ልሰርቅ ይቅርታ። የኔ ደግሞ ከብሮከሩ የሚለየው በ318 ዶላር ብቻ ነው። ስህተት ነው ወይስ ልተወው?

እትዬ ሂሳብ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ኮሚሽንህን ደምር። ብዙ ብሮከሮች ቦክስ 8 ላይ የሚጽፉት ኮሚሽን ከተቀነሰ በኋላ ያለውን ነው። የአንተ ደብተር ኮሚሽኑን ካልቀነሰ ልዩነቱ ከዚያ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በሌላ በኩል ይሳሳታል፤ የተቀነሰውን ኮሚሽን ራሱ ድጋሚ ይቀንሳል። ያ አይሆንም። የዳታና የቻርት ወርኃዊ ክፍያም እዚህ ውስጥ አይገባም።

ሚኒያፖሊስ ብርዱ፦
ደመርኩት። 318 ከነሳንቲሙ። አፈርኩ።

ዳላስ ነኝ፦
ሳንቲሙ ለማይገጥምለት ሌላም አለ። በኒውዮርክ ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በፈረንጁ 6 ሰዓት ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ የምትነግዱት በማግስቱ ቀን ነው የሚመዘገበው። ደብተራችሁ ማክሰኞ ሲል ስቴትመንቱ ረቡዕ ይላል።

ቡና በጨው፦
ቀኑስ? ኤፕሪል 15 እየመጣ ነው። የተስተካከለው ፎርም እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ?

እትዬ ሂሳብ፦
በፎርም 4868 እስከ ኦክቶበር 15 ማራዘም ይቻላል። የሚራዘመው ግን ፎርሙን ማስገቢያው ነው፤ ክፍያው አይራዘምም። የሚደርስበትን ገምቶ እስከ ኤፕሪል 15 ይክፈል። አንዴ ከገባ በኋላ የተስተካከለ ቢመጣም በ1040-ኤክስ ማረም ይቻላል፤ ትርፍ የከፈለውን ለማስመለስ በመደበኛው ከገባበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት አለው።

የሌሊት ሹፌር (ጠያቂ)፦
ተገኘ! የድሮው መግቢያ የይለፍ ቃሌን አልቀበልም ብሎ ነበር። በድሮው ቁጥር ደወልኩ፣ 40 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ፣ ከዚያ በኢሜይል ላኩልኝ። አንዲት ገጽ ናት። ቦክስ 8 ዜሮ፣ ቦክስ 9 1,240፣ ቦክስ 10 ዜሮ፣ ቦክስ 11 ላይ 1,240 በቅንፍ ውስጥ፣ ማለትም ኪሳራ። ፎርሙ የወጣው ፌብሩዋሪ ላይ ነበር፤ የተላከው ከሁለት ዓመት በፊት ወደለቀቅኩት አፓርታማ ነው።

እትዬ፣ እንግዲህ የሚስተካከል ነገር የለም ማለት ነው? መስመር 4ን ልተወው?

እትዬ ሂሳብ፦
ይተዉት። ሁለቱም ፎርሞች ልክ ናቸው። መስመር 1 ላይ ሁለቱን ለየብቻ ይጻፉ፤ አንዱን 3,700 ትርፍ፣ ሌላውን 1,240 ኪሳራ። ሲቀናነስ 2,460 ይመጣል። ከዚያ 984 ለአጭር ጊዜ፣ 1,476 ለረጅም ጊዜ። ያንን የ8949 ልጅም ይህን አሳዩት፤ ለሌላ ሰው ሳይሞላ።

አድራሻዎንም ሁለቱም ድርጅቶች ጋ ይቀይሩ።