ሲታርና ኡድ አልገጥም ብለውናል፤ ቅኝቱንም ምቱንም

የጣና ዳር፦
ጎበዝ፣ እዚህ ባሕር ዳር የሕንዱን ባለክር ሲታርና ከበሮውን ታብላ፣ የዐረቡን ባለክር ኡድና ከበሮውን ዳርቡካ ይዘን ማሲንቆ ልንጨምርበት ነው። ሲታሩ ዶ ሻርፕ (ከዶ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው) ላይ ተቃኝቷል፣ ኡዱ ሬ ላይ። ራስት በሚባለው መቃም (የዐረብ ቅኝት) ጀመርን፤ ሦስተኛው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ይጣላሉ። ምቱም «ሁለቱም 10 ምት ነው» ብለን የዐረቡን ሳማዒ ከሕንዱ ጃፕታል ጋር አስኬድነው፣ መሀል ላይ ይፈርሳል። ሲታሩን ወደ ሬ እናውጣው?

ባለክራር ዘማርቆስ፦
ኧረ ተው ወንድምዓለም! ሲታር ከላይ 6 ወይም 7፣ ከሥር ደግሞ 11 እስከ 13 የሚያስተጋቡ ክሮች (ታራፍ) አሉት። ያን ሁሉ ግማሽ ድምፅ ስታወጣ ቀጭኑ ብረት ይበጠስብሃል። ኡዱ ብዙ ጊዜ 11 ክር ነው፤ እሱን ግማሽ ድምፅ አውርደው። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው፣ የትም ይከተላል።

ራስትን ለጊዜው ተዉት። ከዶ ሲነሳ ሦስተኛው ድምፅ በሚና በሚ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ባለው ሚ) መሀል ነው። ኡድ ፍሬት (አንገቱ ላይ ድምፆቹን የሚለይ ዘንግ) ስለሌለው ጣቱን ገፋ ያደርጋል፣ ያበቃል። የሲታር ፍሬት የታሰረ ስለሆነ ይንሸራተታል፤ ታራፉ ግን አብሮ ካልተቃኘ በድሮው ድምፅ ያስተጋባል። ክሩን ወደ ጎን ስቦ ማግኘትም ይቻላል፣ በፈጣን ዜማ ላይ ግን አይታመንም።

ሂጃዝ በሚባለው መቃም ሞክሩት። በኡዱ አጠራር ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ዶ። ባሳንት ሙካሪ የሚባለው ራጋ (የሕንድ ቅኝት) እነዚሁኑ 7 ድምፆች ይዟል። ፋ ሻርፕንና ዶን አውጣና አዜመው፦ አምባሰል! ማሲንቆው የሚገባው በዚህ በር ነው።

ምት ቆጣሪ፦
ሳማዒ 3+2+2+3 ነው፣ ጃፕታል 2+3+2+3። የክፍሎቻቸው መነሻ 1፣ 6 እና 8 ላይ ይገናኛል፤ ሳማዒ ግን 4 ላይ፣ ጃፕታል 3 ላይ ይነሳል። የሚያፈርሳችሁ ግን 6 ይመስለኛል፦ ዳርቡካው እዚያ ዱም (ወፍራሙን ድምፅ) ይመታል፣ ታብላው ደግሞ ባሱን ትቶ «ቲ ና» ይላል፤ ባዶ ቦታው ነው። አንዱ ለሌላው ይልቀቅለት። ካስቸገራችሁ 16 ምት ባለው በሕንዱ ቲንታል ላይ የዐረቡን ባለ 8 ማቅሱም ሁለት ጊዜ አስቀምጡ፣ ያለ ጣጣ ይገጥማል።

የጣና ዳር፦
እሺ፣ ኡድ ተጫዋቹ መሀል ላይ መቃም ልቀይር ካለስ? እጁ አያርፍም።

ባለክራር ዘማርቆስ፦
ልማዱ ነው፣ አትከልክሉት። ራጋ ግን ከተጀመረበት አይወጣም፣ ታራፉም ተቃኝቶ አልቋል። ስለዚህ ወደ ናሃዋንድ መቃም ይሂድ፣ ከሶል ተነስቶ፣ ሰባተኛውን ፋ ሻርፕ አድርጎ። ድምፆቹ የሂጃዙ ናቸው፣ ማረፊያው ብቻ ተቀየረ፤ ሲታሩ ኪርዋኒ ራጋ ብሎ ይቀበለዋል። ሌላ መቃም ካማረው ሲታሩ ዝም ሲል ብቻውን ይጫወትና ሂጃዝ ላይ ይመለስ።

ስትቃኙ መጀመሪያ ሲታር፣ ቀጥሎ ኡድ፣ መጨረሻ ማሲንቆ። አሁን ክረምት ስለሆነ የማሲንቆው ቆዳ ይረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ሳትቃኙት በፊት ምድጃ አጠገብ ትንሽ አሙቁት።