ጥቁሩ ዳር ይኑር ወይስ ስክሪኑ ይሙላ?

የፒያሳው

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ስድብ ክልክል ነው፤ መተራረብ ይቻላል።

ለጥምቀት ከውጭ የመጣው የአክስቴ ልጅ «ፍሬንድስ» የሚባለውን የአሜሪካ ኮሜዲ በብሉሬይ (ከዲቪዲ የበለጠ ጥራት ባለው ዲስክ) ይዞልን መጣ። ሙሉውን። 10 ሲዝን፣ 236 ክፍል። ማጫወቻውንም «እዚያ ከየት ታገኛላችሁ» ብሎ አብሮ ጭኖታል። እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ሦስት ማታ ተቀምጠን አየነው። ጥራቱ ሌላ ነው። ድሮ በተቀዳ ካሴት ሳየው ካፌው ውስጥ ያለው ሶፋ ብርቱካናማ ይሁን ቡናማ አይለየኝም ነበር። አሁን የሶፋው ጨርቅ ራሱ ይቆጠራል።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህ ኮሜዲ ከ1994 እስከ 2004 ሲተላለፍ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ) የተሠራው ለድሮው ቴሌቪዥን ነው። ወርዱ 4 ከሆነ ቁመቱ 3። በ2012 የወጣው ብሉሬይ ግን 16 በ9 ሆኖ ሰፊውን ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። በጎን የተጨመረው ፊልሙ ላይ ድሮም የነበረ፣ ተመልካች እንዳያየው የተተወ ቦታ ነው። ስለዚህ በሰፊው ቅጂ አንዳንድ ቦታ ላይ ዳር ዳሩን ካያችሁ፣ በተዋናይዋ ምትክ የተቀመጠች ሌላ ሴት ብቅ ትላለች። ማንም አያየኝም ብላ የተቀመጠች ሰው ከስንት ዓመት በኋላ በኤችዲ፣ በዚህ በጠራው ምስል፣ ተጋለጠች!

ጥያቄዬ ይኸው። የድሮ ኮሜዲ በኤችዲ ሲወጣ ስክሪኑን ይሙላ? ወይስ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ እንደ ድሮው ይቀመጥ? እኔ ጥቁሩ ይኑር ባይ ነኝ። ሠሪዎቹ ፍሬሙን ሲወስኑ እያወቁ ነው።

አዘዞ

ወንድሜ፣ 55 ኢንች ቴሌቪዥን የገዛሁት ጥቁር መጋረጃ ለማየት አይደለም። ዕቁብ ጠብቄ፣ ዕጣው አልወጣ ብሎኝ፣ ስንት ወር ታግሼ ነው። እያንዳንዷን ኢንች ከፍዬባታለሁ።

ደግሞ ልጆቼን ተዋቸው እንጂ። ጥቁር ዳር ካዩ «ይሄ የድሮ ነው» ብለው ስልካቸው ላይ ይደፋሉ። ስክሪኑ ሲሞላ ይቀመጣሉ። እኔ የምፈልገው ከልጆቼ ጋር መሳቅ ነው። ሴትየዋ ምን አደረገችህ? ትቀመጥ!

የወለቃዋ

«ትቀመጥ» አለ! በሳቅ ሞትኩ።

አዘዞ፣ ሲጨመርማ እኔም አልጠላም። የሚያናድደኝ ሲቆረጥ ነው። «ሳይንፌልድ» የሚባለው ኮሜዲ በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ሲገባ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? አንዱ ክፍል ርዕሱ ራሱ «ጉድጓዱ» ነው። ጆርጅ የሚባለው ሰውዬ የቁልፍ መያዣው መንገድ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አስፋልት ይደፋበታል። ታዲያ ስክሪኑ እንዲሞላ ምስሉን ከላይና ከታች ሲከረክሙት ጉድጓዱ ተቆርጦ ወጣ። ሰዎቹ ቁልቁል ያያሉ፣ የሚያዩት ነገር ግን የለም። የክፍሉ ርዕስ ከምስሉ ውጭ ቀረ እኮ!

አዘዞ

ጎንደር መጥተው ቢቀርጹት ኖሮ በየትም በኩል ቢቆርጡት ጉድጓድ አይጠፋም ነበር።

ማራኪ

ይህን ያለ ሰው ክርክሩን አሸንፏል፤ ቢሆንም ትንሽ ልንዛዛ። የመምህር ነገር።

ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። አንደኛው ጥራት ነው፣ ሁለተኛው የምስሉ ቅርጽ። ጥራቱ የሚወሰነው ድሮ በምን እንደተቀረጸ ነው። «ፍሬንድስ»ም «ሳይንፌልድ»ም የተቀረጹት በ35 ሚሊሜትር ፊልም ነው። ኔጋቲቩ (ካሜራው ውስጥ የነበረው ዋናው ፊልም) ላይ የያኔው ቴሌቪዥን ሊያሳየው የማይችል ብዙ ዝርዝር ተኝቶ ነበር። ዛሬ እንደገና ስካን ሲደረግ ያ የተኛው ነው የሚነሳው። አዲስ የተፈጠረ ነገር የለም።

በቪዲዮ ካሴት የተቀረጸው ግን ዕድል የለውም። የአሜሪካው አሠራር ምስሉን የሚሠራው በ525 አግድም መስመር ነው፣ ከዚያ ውስጥ የሚታየው ወደ 480 ገደማ። ኤችዲ 1080 ይፈልጋል። ከ1971 እስከ 1979 የሄደው «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ስንት ነገር የተናገረ ኮሜዲ ነው፣ ግን በካሴት ነው የተቀዳው። እሱን ኤችዲ አደረግን ማለት ወጥ ላይ ውሃ መጨመር ነው። ድስቱ ይሞላል፣ ወጡ ግን ያው ነው።

በፊልም መቅረጽን በሰፊው ያስለመዱት ደግሞ የ«አይ ላቭ ሉሲ» ባልና ሚስት ናቸው፤ ሉሲል ቦልና ዴሲ አርናዝ። ጊዜው 1951 ነው። ኒው ዮርክ ሄዳችሁ በቀጥታ አስተላልፉ ሲባሉ፣ አይ፣ ሆሊውድ ሆነን በፊልም እንቀርጻለን አሉ። ፊልም ውድ ነው። ስለዚህ ደሞዛቸው እንዲቀነስ ተስማሙ፤ በልዋጩ የቀረጻው ባለቤት ሆኑ። ያኔ እንደ ሞኝ የቆጠራቸው አይጠፋም። ሰባ ዓመት አልፎት ዛሬ ሲታይ ትናንት የተቀረጸ ይመስላል።

ቅርጹን በተመለከተ ፈረንጆቹም አልተስማሙም። «ፍሬዚየር» እና «ቺርስ» የሚባሉት ኮሜዲዎች፣ የመጀመሪያው በ2022፣ ሁለተኛው በ2023 በብሉሬይ ሲወጡ በድሮው 4 በ3 ነው የወጡት። ከነጥቁር ዳራቸው። ማንም አልሞተም።

ቪዲዮ ቤት

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። እዚህ ውስጥ ሽማግሌው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አንድ ዴክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር። የምናሳየው ካሴት የቅጂ ቅጂ ነው። ቀዩ ቀለም ከከንፈር ወጥቶ ጉንጭ ላይ ይፈሳል። መስመር ሲያስቸግር ልጁ ዴኩን ይመታዋል። በዚያ ላይ ግማሹ ሰው እንግሊዝኛ አይሰማም። ግን ይስቅ ነበር! አብሮ የተቀዳው ሳቅ ሲመጣ ቤቱ በሙሉ ይከተላል። ስለ ፍሬም ያነሳብኝ ሰው አላውቅም።

እና እናንተ ስለ ዳሩ ትከራከራላችሁ፤ እኔ ስለ ሳቁ ልጠይቅ። «ማሽ» የሚባለውን ታውቁታላችሁ? በኮሪያ ጦርነት ውስጥ ስላሉ የጦር ሜዳ ሐኪሞች ነው። ጦርነቱ 3 ዓመት ፈጀ፤ ኮሜዲው ከ1972 እስከ 1983፣ 11 ሲዝን ሄደ። እኔ በተለየ ዓይን ነው የማየው፤ አጎቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። ዲቪዲው ላይ ሳቁን ማጥፋት ይቻላል፤ ምርጫ ሰጥተውታል። አንድ ቀን አጥፍቼ አየሁት። ያው ቀልድ፣ ያው ሰው፣ ግን የለቅሶ ቤት ጨዋታ ሆነብኝ። ታውቁ የለ፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚቀልደው ዓይነት። ከዚያ ወዲህ ሳቁን መልሼ አላበራሁትም።

ስለዚህ እኔ የምለው ሁለቱንም ይስጡን ነው። ሪሞት ምን ይሠራል?

የፒያሳው

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን የሚያረጋግጥ ነገር አለኝ። «ዘ ሲምፕሰንስ» ካርቱን ቢሆንም ያው የቤተሰብ ኮሜዲ ነው። በ2019 ዲዝኒ ፕላስ ላይ ሲወጣ የድሮዎቹን ክፍሎች ከርክመው ስክሪኑን ሞሉት። አንድ የቢራ ፋብሪካ ቀልድ አለ። ሦስት ዓይነት ቢራ በሦስት ትልልቅ በርሜል ይታያል፤ ቀና ስትሉ ግን ሦስቱም የሚቀዱት ከአንድ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ከላይ ተቆረጠ። ቀረ ማለት ነው፣ በርሜል ብቻ! ሰው ጮኸ፣ በ2020 ተመልካቹ እንዲመርጥ አደረጉ። ሲፈለግ ይቻላል።

ሳሙና በር

እኔ ቴሌቪዥን ብዙ አላይም። ግን ጎንደር ተቀምጠን ይህን ክርክር እንደ አዲስ ማንሳታችን ይገርመኛል። ፋሲል ግቢን እዩት እንጂ። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ሲጠግኑት ሲሚንቶ ገቡበት። ሊያጠነክሩት ነው፣ ክፋት አይመስለኝም። ግን ግንቡ የተሠራው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ይዞ ያስቀራል። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሱ ወደ ኖራው ተመለሱ። ለዘመኑ ተብሎ የተጨመረ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው።

አዘዞ

ኧረ በፋሲል! ግንብና ቀልድ አንድ ነው?

ማራኪ

ሳሙና በር፣ ምሳሌህ ደስ ይላል፣ ግን አይገጥምም። ሲሚንቶው ግንቡ ላይ ነው የተለጠፈው። እዚህ ግን ኔጋቲቩን ማንም አልነካውም፣ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። የተከረከመው ቅጂው ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቼ የጣሪያውን መላእክት በስልኬ ባነሳና ግማሾቹ ባይገቡልኝ ጣሪያው ምን ይሆናል? ምንም።

የወለቃዋ

መምህር፣ ጣሪያውን ለማየት እኔና አንተ በእግራችን እንሄዳለን። የሆሊውድ መጋዘን ማን ያስገባናል? ለእኛ የደረሰን ቅጂው ነው። ቅጂው ከተቆረጠ ለእኛ ተቆርጧል።

ማራኪ

ይህንንስ ተቀብያለሁ።

የፒያሳው

እኔም እዚያው ላይ ነኝ። እንዲያውም ዲስኩን የወደድኩት ለዚያ ነው። ዛሬ መብራት ካለ አየዋለሁ፣ ከሌለ ነገ አየዋለሁ። ኢንተርኔት አልጠብቅም፤ አንድ ሰው ሌሊት ተነስቶም በሌላ ቅጂ አይቀይርብኝም።

ግን ዲስክም አታላይ ነው። የ«ፍሬንድስ» ዲቪዲዎች ላይ በቴሌቪዥን ያልተላለፉ ተጨማሪ ቁራጮች ነበሩ። ብሉሬዩ ላይ የገባው የተላለፈው አጭሩ ነው። አዲሱ መጣ ብሎ አሮጌውን ዲቪዲ የሰጠ ሰው ምስል አገኘ፣ ቀልድ ከሰረ። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ዲቪዲዎቹን ለጎረቤት አድሎ ነው የመጣው።

ቪዲዮ ቤት

የኛዎቹስ? ቴሌቪዥን በአገራችን፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ስንት የበዓል ቀልድ፣ ስንት ጭውውት አየን።

ማራኪ

ጋሼ፣ የኛ ቴሌቪዥን ድሮ የያዘው ፓል የሚባለውን አሠራር ነው፤ 625 መስመር። ከአሜሪካው ካሴት ትንሽ ይሻላል። በካሴት የተቀዳው ኤችዲ አይሆንም፤ ሳይበላሽ በደንብ ከተገለበጠ ግን ጥሩ ሆኖ ይታያል።

የወለቃዋ

እሱን ነው ማለት የፈለግኩት። ዩቲዩብ ላይ የድሮ ጭውውት ስፈልግ የማገኘው የተለጠጠውን ነው። የጫነው ሰው ስክሪኑ እንዲሞላለት ግራና ቀኝ ጎትቶታል። የሁሉም ፊት ድፎ ዳቦ መስሏል! ቆርጦም አይደለም፣ ጨምሮም አይደለም። ሰውን ማወፈር ብቻ። እባካችሁ የቤታችሁን ሪሞት እዩ፤ ብዙ ቴሌቪዥን ላይ ይሄ ነገር በርቶ ነው ያለው።

አዘዞ

የኔ ትክክል ነው።

የወለቃዋ

አይተኸዋል?

አዘዞ

መብራት የለም። ሲመጣ አያለሁ።

ሳሙና በር

እኔ ተኛሁ።

አዘዞ

ደህና አደራችሁ። መብራቱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መጣ፤ እኔም ተነሳሁ። እልህ ነው።

የሰርጋችንን ቪዲዮ ከፈትኩ፤ በካሴት የተቀረጸ ነው፣ ወደ ፍላሽ አስገልብጬዋለሁ። ሪሞቱን ስነካካ ለካ ቴሌቪዥኑ «መለጠጥ» ላይ ኖሯል። ከገዛሁት አራት ዓመቱ። አስተካከልኩት፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆነ። ባለቤቴ በድምፁ ነቅታ መጣች። ቆማ አየች፣ አየች። «እኔ እንዲህ ቀጭን ነበርኩ እንዴ?» አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ እስከ መልሱ ድረስ ጨረሰችው።

የፒያሳው

ስለዚህ ጥቁሩ ዳር ይኑር?

አዘዞ

ለሰርጉ ብቻ ነው። ያን ዲስክ ቅዳሜ አምጣው፣ ከልጆቹ ጋር ሞልቶ ነው የማየው።