አዲሱ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተገጥሞም ፒ0420 ኮድ ተመለሰ፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። መኪናዬ የ2007 ቶዮታ ፕሪየስ ናት፤ እንጀራዬ በእሷ ነው። ሌቦች ካታሊቲክ ኮንቨርተሯን፣ ማለትም የሞተሩን ጭስ የሚያጸዳውን ዕቃ፣ ከሥር ቆርጠው ወሰዱት። ኢንሹራንሴ ስርቆት አይሸፍንም። ለኦሪጅናሉ ከ2,000 ዶላር በላይ ስለተጠየቅኩ የሌላ አምራች ዕቃ አስገጠምኩ፤ ዋጋው የዚያን ግማሽ አይሞላም። ካሊፎርኒያ የምትጠይቀው የኢኦ ቁጥር (የግዛቷ የፈቃድ ቁጥር) ላዩ ላይ ተቀርጾበታል። ለእኔ ሞዴልና ዓመት የተፈቀደ መሆኑንም አጣርቻለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ቼክ ኢንጂን በራ። ኮዱ ፒ0420 ብቻ ነው፤ ኮንቨርተሩ ጭሱን በሚገባ አያጸዳም ማለት ነው። መካኒኩ የጭስ ማውጫውን መስመር ፈተሸ፤ የሚያፈስ ቦታ የለም። የኋላውን ኦክስጅን ሴንሰር በአዲስ ቀየርነው። ሞተሩ ዘይት አይበላም። ግን በደንብ ሞቆ ሀይዌይ ላይ እየሄደ ስካነር ስናደርግበት፣ ረጋ ማለት የነበረበት የኋላው ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.8 ቮልት ይዋዥቃል። እንደ እኔ ግምት ዕቃው ውስጥ ያሉት ጭሱን የሚያጸዱት ውድ ብረቶች፣ ፓላዲየምና ሮዲየም፣ አንሰዋል።

የስሞግ (የመኪና ጭስ ብክለት) ምርመራዬ ደርሷል። መብራቱ እንደበራ አያልፍም። ኮዱን አጥፍቶ መሄድም አያዋጣም፤ የመኪናው ኮምፒውተር ራሱን ፈትሾ እንዳልጨረሰ ማሽኑ ያያል። ሻጩ በዋስትናው ያንኑ ዕቃ ሊቀይርልኝ ፈቃደኛ ነው፤ የእጅ ዋጋውን ግን ከኪሴ ነው የምከፍለው። ሁለቴ መክፈል ደግሞ አቅሜ አይደለም።

ይሄ የደረሰባችሁ ፕሪየስ ነጂዎች፣ በዋስትና የተቀየረላችሁ ያው ዕቃ ኮዱን ሳይመልስ ቆየ ወይስ ዞሮ ዞሮ ኦሪጅናሉን ገዛችሁ?