ክርክር፦ የሰፈር ጩኸት በዴሲቤል ብቻ ይዳኝ?

መነሻ፦ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅ ወሰን እንዲወጣለት ይደነግጋል። በወጣው ደረጃ መሠረት የመኖሪያ ሰፈር ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። ነዋሪው «ይሰቀጥጣል» ሲል መሣሪያው «ከወሰን በታች ነው» ካለ፣ የማን ቃል ይጽና?

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦ የነዋሪው። ከፎቃችን ሥር ብረት ቤት አለ። ብየዳው አይከብደኝም፤ ግራይንደሩ ላሜራ ሲነካ ግን ሲጥጥ ብሎ ጆሮ ይበሳል። አራስ ልጄ በርግጋ ትነሣለች። የመንገዱ የመኪና ጩኸት ከዚያ ይበልጥ ይሆናል፣ ልጅቷ ግን ተኝታበት ታድራለች።

ብረት ሠራተኛ፦ እህቴ፣ ልጅሽን እግዜር ያሳድግልሽ። ግን «ይሰቀጥጣል» ልክ የለውም። አንዱን የሚሰቀጥጠው ሌላውን አይነካውም፤ ቂም ያለው ጎረቤት በዚያ ቃል ሱቄን ያሳሽጋል። ቁጥሩ ለእኔም ጋሻ ነው።

የድምፅ መሐንዲስ፦ ሁለታችሁም ያላችሁት በአንድ ላይ ይሄዳል። ጆሯችን ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ያለውን ቀጭን ድምፅ ከሁሉ አብልጦ ይሰማል፤ የብረት ሲጥታ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይወድቃል። በዚያ ላይ አንድ ቀጭን ቃና ከሌላው ጎልቶ ሲወጣ ረብሻው ይብሳል። ስለዚህ አይኤስኦ 1996 የሚባለው ዓለም አቀፍ የአለካክ መመሪያ እንዲህ ባለው ድምፅ ልኬት ላይ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል እንዲጨመር ይፈቅዳል። 52 የተለካው 55ን ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ነዋሪው «ሲጥ ይላል» ወይም «ድም ድም ይላል» ማለቱ ምን እንደምንፈልግ ይነግረናል፤ ቅሬታ መቀበያው ቅጽ ላይ ቦታ ይሰጠው።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦ «ድም ድም» ካላችሁ የጭፈራ ቤቱንም ጨምሩልኝ። ግድግዳው እየተንቀጠቀጠ መሣሪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል።

የድምፅ መሐንዲስ፦ የተለመደው «ኤ» የተባለው ማጣሪያ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚቀንሰው ነው። ለእሱ «ሲ» በተባለው ማጣሪያም መለካት ያስፈልጋል።

ብረት ሠራተኛ፦ ጭማሪውን እቀበላለሁ፣ ግን አስቀድሞ ይነገረን። ላሜራው በሞርሳ በደንብ ካልተያዘ እየተርገበገበ ይጮኻል፤ ጥብቅ አድርገው ከሥሩ እንጨት ቢያስገቡበት ጩኸቱ ይቀንሳል። ይህን ሳያስተምሩ ማሸግ ግፍ ነው። ሕጉም ከመጣ ቀኑን ሙሉ በሞንታርቦ ለሚያስተዋውቀው ሱቅም እኩል ይምጣ።