ስለ ኻዲጃ አሪብ የምታውቁ?

ሰናይት፣ ሮተርዳም፦
ደች እየተማርኩ ነው። መምህራችን የድሮ የፓርላማ ክርክር በቪዲዮ ያሳየናል። አፈ ጉባኤዋ ኻዲጃ አሪብ ናቸው። ሞሮኮ ተወልደው እንዴት እዚያ ወንበር ላይ ደረሱ?

ጋሽ በለጠ፦
እህቴ፣ የተወለዱት በ1960 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሆላንድ የመጡት በ15 ዓመታቸው። እዚያው ሆላንድ ካለው የሞሮኮ ሴቶች ማኅበር መሥራቾች አንዷ ናቸው። በ1998 በሌበር ፓርቲ በኩል ፓርላማ ገቡ። ጥር 2016 አፈ ጉባኤ ሲመረጡ ሄግ ሆኜ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ድምፁ በምስጢር ስለሚሰጥ ልብ ያንጠለጥላል፤ እስከ አራተኛ ዙር ሄደ። የቀኝ አክራሪው ፖለቲከኛ የዊልደርስ ፓርቲ የሁለት አገር ዜግነት አላቸው ብሎ ተቃውሞ ነበር። ዊልደርስ ራሱ ግን በሳቸው መድረክ መናገሩን አልተወም! በ2017 ደግመው ተመረጡ። እኔ የምወድላቸው ቀልዳቸውን ነው። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ ግን ሰዓት ያለፈበትን ያቋርጡት ነበር።

ሰናይት፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ተከራካሪዎቹ ለምን እርስ በርስ አይነጋገሩም? ሁሉም ወደሳቸው ነው የሚያወራው።

ጋሽ በለጠ፦
ደንቡ ነው። ንግግሩ ሁሉ በአፈ ጉባኤው በኩል ያልፋል። ስድቡም ጭምር።

ናቲ፦
መጨረሻውንም ንገሯት እንጂ። በ2021 ወንበሩን ቬራ ቤርካምፕ ወሰዱት። በ2022 ደግሞ ስማቸው ያልተገለጸ ሰዎች በአሪብ ላይ ቅሬታ አቀረቡ። የምክር ቤቱ አመራር ምርመራ ሲያዝዝ፣ ሴትዮዋ ፓርላማውን ለቀው ወጡ። የጉዳዩ አያያዝ ብዙ አከራክሯል።