የመርማሪ ልብ ወለድ ተከታታዮች፦ ከየትኛው እንጀምር? በየትኛውስ ቋንቋ?

የፒያሳ አንባቢ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ የምንገናኝ ስድስት አንባቢዎች ነን። ለዚህ ክረምት የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ፣ ያውም ተከታታይ የሆነውን መርጠናል። ሦስቱ በእንግሊዝኛ ያነባሉ፣ ሦስቱ አማርኛ ካልሆነ አይሆንላቸውም። የትኛውን ተከታታይ ትመክሩናላችሁ? ቅደም ተከተሉን ባንጠብቅ ምን ይቀርብናል? ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን ማስኬድስ ይቻላል? ከአዟሪ የሚገኘው በብዛት ያገለገለ የእንግሊዝኛ ቅጂ መሆኑን ያዙልኝ።

ማራኪ ማዶ

ተከታታይ ሲባል ሁለት ዓይነት አለ። በአንዱ መርማሪው ከመጽሐፍ መጽሐፍ ብዙም አይለወጥም። በሌላው የመርማሪው ኑሮ ራሱ አብሮ የሚሄድ ታሪክ ነው። ቅደም ተከተል የግድ የሚሆነው ለሁለተኛው ነው።

ሸርሎክ ሆምስ ከመጀመሪያው ወገን ነው። 4 ረጃጅም ልብ ወለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች አሉት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለእናንተ የሚመቹት አጫጭሮቹ ናቸው። በ1892 በመጽሐፍ የወጣው «አድቬንቸርስ» 12 ታሪክ ስለያዘ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ብትሉ ይበቃችኋል። ደራሲው በ1893 ጀግናውን ፏፏቴ ውስጥ ከትቶ በ1903 መልሶ ስላመጣው «ሜሞይርስ» የተባለውን ስብስብ ሳትጨርሱ ተከታዩን «ሪተርን»ን አትክፈቱ።

የአጋታ ክሪስቲው ፖይሮ 33 ልብ ወለድ አለው። «ከፈለጋችሁበት ጀምሩ» የሚሏችሁ ብዙ ናቸው፤ በጥቅሉ ልክ ናቸው፣ ሦስት ቦታ ላይ ግን ትጎዳላችሁ። «ካርድስ ኦን ዘ ቴብል» (1936) የ«ኦሪየንት ኤክስፕረስ»ን መፍቻ ጣል አድርጎ ያልፋል። «ደምብ ዊትነስ» (1937) ይባስ ብሎ የአራት ቀደምት መጻሕፍትን ገዳዮች በስም ይዘረዝራል፦ የ«ስታይልስ»፣ የ«ሮጀር አክሮይድ»፣ የ«ብሉ ትሬን»ና የ«ዴዝ ኢን ዘ ክላውድስ»። ሦስተኛው «ከርተን» ነው፤ በጦርነቱ ዘመን ተጽፎ ተቆልፎበት ቆይቶ በ1975 የታተመ የፖይሮ መዝጊያ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የተፈጸመበት ቤት ስለሚመለስ «ስታይልስ»ን ያላነበበ ሰው ግማሹ ስሜት ያመልጠዋል።

እኔ ብሆን «ስታይልስ»፣ «አክሮይድ»፣ «ኦሪየንት ኤክስፕረስ» እያልኩ እሄዳለሁ። ስለ «አክሮይድ» ደግሞ ማንም አንዲት ቃል እንዳይተነፍስላችሁ።

ቃል መራጭ

የሁለቱ ቋንቋ ጉዳይ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው። በሌላ ልብ ወለድ የትርጉም ስህተት ውበት ይቀንሳል። በመርማሪ ልብ ወለድ ግን ማስረጃ ያጠፋል።

መጀመሪያ ሰዓቱን ተመልከቱ። እንግሊዝኛው ሟቹ በዘጠኝ ተኩል በሕይወት ታይቷል ካለ በእኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠ ተርጓሚ ግድያውን ከምሽት ወደ ቀን ያዞረዋል። ከዚህም የከፋው ግማሹን ቀይሮ ግማሹን የተወው ነው፤ በተጠርጣሪዎቹ ቃል መካከል የስድስት ሰዓት ቀዳዳ ይከፈትና አንባቢው የሌለ ውሸት ሲያሳድድ ይውላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ እራት የሚቀርብበትን ገጽ ፈልጉ። እንግሊዞቹ ማታ «ስምንት ሰዓት» ላይ እራት ከተቀመጡ ተርጓሚው አልቀየረም። እኩለ ሌሊት ካለፈ ደግሞ ቀኑም ይምታታል። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ሁለት ትርጉም አለው፤ «ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት» ግን አያወላዳም።

ጾታው ሌላ ጣጣ ነው። እንግሊዝኛው «ገዳይ» ብሎ ወንድ ይሁን ሴት ሳይነግር 200 ገጽ ይሄዳል፤ የእኛ ግስ ግን ገደለ ወይም ገደለች ማለት አለበት። ተርጓሚው «ገደለች» ካለ ምስጢሩ ፈሰሰ። ሁሌ «ገደለ» እያለ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ሴት ከሆነች አንባቢው ተታለልኩ ይላል፣ እውነቱንም ነው። ብልህ ተርጓሚ «ሟቹ የተመታው» ይላል፣ ወይም ሰውየውን ትቶ «በመስኮቱ ጥላ አለፈ» ይላል። አክብሮቱ ደግሞ ትልቅ መደበቂያ ነው። «ጎረቤቴ ማታ መጥተው ነበር» ያለ ምስክር የወንድ ይሁን የሴት ጎረቤት አልነገረንም፣ አልዋሸምም። አማርኛ ለዚህ ዘውግ አይመችም የሚሉ ሰዎች ይህችን አላዩም።

ዝምድናና ስምም አለ። እንግሊዝኛው «ከዝን» ብሎ ያልፋል፤ አማርኛው የአጎት ልጅ ይሁን የአክስት ልጅ ይመርጣል፣ ሲመርጥም የውርሱን መስመር ሊያዛባ ይችላል። ባልና ሚስት በአንድ የቤተሰብ ስም ሲጠሩ ደግሞ ሁለተኛውን ስም የአባት ስም አድርጎ ማንበብ ስለለመድን ወንድምና እህት ይመስሉናል። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ስም፣ ለሟች ምኑ ነው፣ በስንት ሰዓት የት ነበርኩ አለ፣ ማን አየው የሚል አራት ዓምድ አስምሩ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሙሉት።

አንዳንዱ ፍንጭ ደግሞ ጨርሶ አይተረጎምም። «ዘ ስፔክልድ ባንድ» ላይ ሟቿ በመጨረሻ ትንፋሿ የምትጠራው ቃል በእንግሊዝኛ የሰዎች ቡድንም ጥብጣብም ይሆናል። መርማሪው የሚሳሳተው በዚህች መንታ ቃል ነው። ሁለቱን የሚሸከም አማርኛ የለም።

ዘአዘዞ

ክሪስቲን ማስቀደም ላይ አልስማማም። እንቆቅልሹ የተዋጣ ነው፤ ግን በየመጽሐፉ አሥር ፈረንጅ በአንድ ሳሎን ታጉሮ ስሙን ለመያዝ ሃምሳ ገጽ ይፈጃል። ለጀማሪ ቡድን የሲምኖን ኮሚሽነር ሜግሬ ይሻላል። 75 ልብ ወለድ ነው፣ አብዛኛው ከ200 ገጽ አይበልጥም፣ ቅደም ተከተልም አያስጨንቅም። ጥያቄው «ማን ገደለው» ከመሆን ይልቅ «ለምን እዚህ ደረሰ» ስለሆነ ቋንቋው የሚያፈሰው ፍንጭ ትንሽ ነው። አፍሪካን ከፈለጋችሁ በ1998 የጀመረው የቦትስዋናዋ ሴት መርማሪ የማ ራሞትስዌ ተከታታይ አለላችሁ። ደም የለበትም፤ የሚጠፋው ባል ነው፣ የሚጭበረበረው ገንዘብ ነው። ይኼን ግን ከአንድ ጀምራችሁ በተራ አንብቡት፤ ትዳሩም ሥራውም እየተያያዘ ይሄዳል።

አማርኛ ብቻ ለሚሹት «ዴርቶጋዳ»ን እና ተከታዩን «ራማቶሓራ»ን የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። ታሪኩ ጣናን ይነካል፣ ጣና ደግሞ ቅርባችን ነው፣ ይስባል። ግን ልብ አንጠልጣይ እንጂ የመርማሪ ልብ ወለድ ብላችሁ አትግቡበት፤ ፍንጭ ለቅሞ ገምቶ መድረስ የሚባለው ጨዋታ የለበትም። የማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞችም እንደዚያው ናቸው፤ ቋንቋቸው ግን ለሚተረጉም ሰው ትምህርት ቤት ነው።

የፒያሳ አንባቢ

እግዜር ይስጥልን። ቃል መራጭ፣ የእራቱን መፈተኛ ወድጄዋለሁ። ያገለገለ ቅጂ ስንገዛ ምን እንይ?

ጥራዝ ጠባቂ

ከኋላ ጀምር። መጽሐፍ የሚጠረዘው 16 ወይም 32 ገጽ እየሆነ በታጠፈ እጥፍ ነው። ሙጫው ሲደርቅ የመጀመሪያውና የመጨረሻው እጥፍ ቀድመው ይወልቃሉ። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ የመጨረሻው 16 ገጽ ማለት ገዳዩ ነው። የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ቁጠር፣ ዓረፍተ ነገሩ በነጥብ ማለቁን እይ፣ ሳታነበው ክደነው። ፎቶኮፒ ከሆነ ጎዶሎና ሙሉ ገጹ መከታተሉን መሃል ላይ አረጋግጥ፤ አንድ ፊት የዘለለ ቅጂ ብዙ ነው።

ርዕሱም ያታልላል። አንዳንድ የክሪስቲ መጻሕፍት አሜሪካ ሲታተሙ ስም ይቀየርላቸው ነበር። «ዴዝ ኢን ዘ ክላውድስ»ና «ዴዝ ኢን ዘ ኤር» አንድ መጽሐፍ ናቸው፤ «ደምብ ዊትነስ»ም እዚያ «ፖይሮ ሉዝስ ኤ ክላየንት» ተብሎ ወጥቷል። ሁለቴ እንዳትከፍል። መግቢያ የተጻፈበት እትም ካገኘህ መግቢያውን መጨረሻ ላይ አንብቡት፤ መግቢያ ጸሐፊ ምስጢር ማፍሰስ አያሳስበውም።

ማራኪ ማዶ

አንድ ልጨምር። ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ አንድ ክፍል የሚሰበሰቡበት ምዕራፍ ሲደርስ አቁሙ። ስድስታችሁም ገዳዩን፣ ምክንያቱንና ያመናችሁበትን አንድ ፍንጭ ከነገጹ ጻፉና አጥፋችሁ ለአንድ ሰው ስጡ። ገጽ ያልጠቀሰ ግምት አይቆጠርም፤ አለዚያ ሁሉም «እኔም ጠርጥሬው ነበር» ይላል። የሁለቱ ቋንቋ ገጽ ስለማይገጥም በምዕራፍ ተቀጣጠሩ።

ቃል መራጭ

«ስፔክልድ ባንድ»ን ለአማርኛዎቹ የምታነቡላቸው ከሆነ ቃሉን «ባንድ» ብላችሁ እንዳለ ተዉትና ሁለቱን ፍቺ ከታሪኩ በፊት፣ ከሌሎች አምስት ስድስት የእንግሊዝኛ ቃላት ጋር ቀላቅላችሁ ስጧቸው። ሟቿ ቃሉን በተናገረች ሰዓት ቆማችሁ ካብራራችሁ ፍንጩን በጣታችሁ ጠቆማችሁ ማለት ነው።