ክርክር፦ ለወሊድ መከላከያ ኮታ ይቆረጣል ወይ?

አወያይ፦
ጥያቄዋ አጭር ናት። የድሃ አገር መንግሥት «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሴቶች የወሊድ መከላከያ መጀመር አለባቸው» ብሎ ለየጤና ጣቢያው ኮታ ይቁረጥ ወይስ አይቁረጥ? አገልግሎቱ ይኑር ወይስ አይኑር አላልኩም። ከጥያቄው የወጣውን አጠፋለሁ፣ ስድብም እንዲሁ። ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሁን፣ እንዳንምታታ።

ቁጥር አዋቂ፦
ይቁረጥ። በ2023 ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት በዓለም ላይ የሞቱት ሴቶች 260 ሺህ ገደማ ናቸው። ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት የሞቱት ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሳትፈልግ ያላረገዘች ሴት በማትፈልገው ወሊድ አትሞትም። ይሄ ፍልስፍና አይደለም፣ ሂሳብ ነው።

የማይቆጠር ነገር ደግሞ በጀት አያገኝም። ሚኒስቴሩ «ዘንድሮ ይህን ያህል» ካላለ መጋዘኑ ባዶ ይሆናል። ሴትየዋ ሁለት ሰዓት በእግሯ መጥታ «አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር ነይ» ትባላለች። በሚቀጥለው ወር ስትመጣ አርግዛለች። እናንተ ኮታ የምትሉትን እኔ ዕቅድ እለዋለሁ።

አዋላጇ፦
ወንድሜ፣ ሁለት ነገር አደባለቅክ። መድኃኒቱን አቅድ፣ ማን ከለከለህ? ስንት መርፌ፣ ስንት ሉፕ፣ ስንት ኪኒን መጋዘን ይግባ የሚለውን አቅድ። ሴቷን ግን ልታቅዳት አትችልም።

ኮታ ታች ሲወርድ ምን እንደሚመስል ከውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሁሉም ሰው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ማየት ይጀምራል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ዝቅ ብሏል። በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጣችው ሁሉ «የክንዱ ይሻልሻል» ትባላለች። የመጣችው ለሦስት ወሩ መርፌ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መውለድ አስባለች። ማን ይጠይቃታል? ምክሩ ራሱ ያጥራል። መጀመሪያ የምትዘለለው «የወር አበባሽ ሊዛባ ይችላል» የምትለዋ ናት። ምክንያቱም እሷን ከሰማች ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለቻ!

ጠርጣራው፦
እኔ ከሁለታችሁም አልስማማም። ጠቅላላ ነገሩ ድሃ እንዳይበዛ ከሚፈሩ ሰዎች የመጣ ነው። ህንድ ውስጥ ከ1975 እስከ 1977፣ በአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ ወቅት የሆነውን አንብቡ። መምህራን ሳይቀሩ «ይህን ያህል ሰው አምጥታችሁ አስመክኑ» ተብለው ኮታ ተሰጣቸው። በአንድ ዓመት ብቻ 8 ሚሊዮን ገደማ ሰው መከነ፣ አብዛኛው ወንድ። ፔሩ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ250 ሺህ በላይ ሴቶች ቱቧቸው ተቋጠረ። ብዙዎቹ ድሃ የገጠር ሴቶች ነበሩ፣ የፈረሙት ወረቀት በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈባቸውም አሉ። ይቅርብን።

ቁጥር አዋቂ፦
«ይቅርብን» ማለት ለአንተ ቀላል ነው፣ የምታረግዘው አንተ አይደለህም። የጠቀስከው የግዳጅ ታሪክ ነው። ሌላውንም ተመልከት። ባንግላዴሽ ውስጥ ማትላብ በሚባል ገጠር ከ1977 ጀምሮ ሴት የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ መከላከያ ያቀርቡ ነበር። አጠገቡ ያለው አካባቢ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ነው ያገኘው። ማትላብ ላይ ወሊድ ፈጥኖ ቀነሰ። ኢራን ውስጥም በ1980ዎቹ አጋማሽ አንዲት ሴት በአማካይ ከአምስት ልጅ በላይ ትወልድ ነበር። በ2000 አካባቢ ወደ ሁለት ወረደ። እንደ ቻይና የአንድ ልጅ ሕግ ሳያስፈልግ።

ጠርጣራው፦
ኢራንን ስላነሳህ ጨርሰዋ። ያው መንግሥት ሕዝቡ ሲያንስበት በ2021 ሕግ አወጣና መከላከያ በነጻ ማደልን ከለከለ። ቻይናም በዚያው ዓመት «ሦስት ውለዱ» አለች። ዛሬ አትውለዱ፣ ነገ ውለዱ። ሰዎቹ ማሕፀንን እንደ ቧንቧ ነው የሚያዩት።

አዋላጇ፦
እዚህ ላይ ከጠርጣራው ጋር ነኝ፣ ብዙ ጊዜ ባንስማማም።

ቁጥር አዋቂ፣ ማትላብ እኮ የሚመሰክረው ለእኔ ነው። እዚያ የሠራው ኮታ አይደለም። ሠራተኛዋ ብዙ ዓይነት ይዛ ትመጣለች፣ ሴትየዋ ትመርጣለች፣ በሁለተኛው ሳምንት ሠራተኛዋ ተመልሳ «እንዴት ሆንሽ? ራስሽን አመመሽ?» ትላለች። ካልተስማማት ትቀይርላታለች። ሚስጥሩ ተመልሶ መምጣቱ ላይ ነው።

ህንድ በበኩሏ ኮታን በ1996 በይፋ አስቀርታለች። ልማዱ ግን አልቀረም። በ2014 ቻቲስጋር ግዛት ውስጥ ሴቶችን ለማምከን በተዘጋጀ አንድ ጊዜያዊ ካምፕ አንድ ሐኪም በጥቂት ሰዓታት የ83 ሴቶችን ቱቦ ቋጠረ። ከ10 በላይ ሴቶች ሞቱ። የመድኃኒቱ ችግር ነው፣ የንጽሕናው ነው እየተባለ ብዙ አከራከረ። እስቲ 83ን ለሰዓቱ አካፍሉት። ሴቶቹን ማንም እጃቸውን ጠምዝዞ አልወሰዳቸውም፣ እንዲያውም ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ግዳጅ ሁልጊዜ በዱላ አይመጣም።

ባልየው፦
አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልውጣ። እስካሁን የተወራው ሁሉ ስለ ሴት አካል ነው። እኛስ? ወንድ ማስቋጠር ከሴት ይልቅ ቀላል ነው፣ ሆድ አይከፈትም። ግን ስንጠየቅ እንደነግጣለን፣ እኔንም ጨምሮ። ኒጀር ውስጥ በ2012 በተደረገ ጥናት ሴቶቹ የሚመኙት በአማካይ 9 ልጅ ገደማ ነበር፣ ወንዶቹ ደግሞ 11። ሰው የሚፈልገው ይሄ ከሆነ ኮታው ማንን ነው የሚያሳምነው? እዚያው አገር «የባሎች ትምህርት ቤት» የሚባል ነገር ጀምረዋል። ባሎች ተሰብስበው ስለ እርግዝና ክትትልና ስለ ማራራቅ ይነጋገራሉ። ሰው ይስቃል። እኔ ግን ኮታ ካስፈለገ እዚያ ነው የምቆርጠው።

አወያይ፦
ባልየው ከጥያቄው ትንሽ ወጥቷል፣ ግን አላጠፋሁትም።

የሦስት ልጆች እናት፦
እስካሁን ዝም ያልኩት ቁጥር ስለማላውቅ ነው። የደረሰብኝን ልናገር።

ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ የክንዱን ተቀበረልኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ወድጄ ነው። የክብሪት እንጨት የምታክል ለስላሳ ዘንግ ናት። ማደንዘዣ ወጉኝ፣ አስገቧት፣ በፋሻ አሰሩልኝ፣ አለቀ። ወረፋው ነው የረዘመው እንጂ እሷስ ሁለት ደቂቃም አልፈጀች።

ከአራት ወር በኋላ ደም አልቆም አለኝ። ብዙ አይደለም፣ ግን በየቀኑ። ሰው ቤት መቀመጥ ሁሉ ፈራሁ። ሄጄ «አውጡልኝ» አልኩ። «የሦስት ዓመት እኮ ነው፣ ጊዜው ገና ነው፣ ይለመዳል» ተባልኩ። ከወር በኋላ ተመለስኩ። «የምታወጣዋ ሥልጠና ሄዳለች» አሉኝ። በሦስተኛው ደግሞ እንደ ልጅ ተቆጡኝ፣ «መድኃኒት ታባክኚያለሽ» ተብዬ። መጨረሻ ላይ ተበድሬ ሌላ ቦታ ከፍዬ አስወጣሁ። መጀመሪያ «አውጡልኝ» ካልኩበት ቀን ጀምሮ ሰባት ወር ሄዷል።

ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ «አትሞክሩት» አልኳቸው። አራት ሴቶች ናቸው። አንዷ አሁን ሳታስበው አርግዛለች። እሱ ይቆጨኛል። ዘንጓ አይደለችም ያስመረረችኝ፣ ምልልሱ ነው።

አዋላጇ፦
እህቴ፣ ይቅርታ። እኔ ባልሠራውም ሙያዬ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ልንገራችሁ። ማስገባት ቀላል ነው፣ መሣሪያው ራሱ ያስገባል። ማውጣት ግን እጅ ይፈልጋል። ታደነዝዣለሽ፣ ቆዳውን በጥቂቱ ትቆርጫለሽ፣ በጣትሽ ጫፏን ወደ ቀዳዳው ትገፊያለሽ። ዙሪያዋን የሸፈናትን ስስ ነገር ትልጪና በመቆንጠጫ ትስቢያለሽ። ጠልቃ ገብታ ከሆነ በጣት አትገኝም፣ አልትራሳውንድ ይፈለጋል። ብዙ ባለሙያ የሠለጠነው ለማስገባት ነው። ኮታው ላይ ደግሞ ማስገባት ይቆጠርልሻል። ማውጣት ተጠቃሚ ይቀንስብሻል። እንግዲህ ማን ቸኩሎ ያወጣል?

ደሙን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሉ። ያንን መንገር አንድ ነገር ነው፣ ሴትን ከደጅ መመለስ ሌላ። ስለዚህ አወያይ፣ መልሴ ይሄው። አንድን ፕሮግራም ለመመዘን «ስንት አስገባችሁ?» አልልም። «አውጡልኝ ያለችው ሴት በዚያው ቀን ወጥቶላት ሄደች ወይ?» ነው የምለው።

ቁጥር አዋቂ፦
ይሄንን መካድ አልችልም። እንዲያውም እኔው ልጨምርበት። «ያልተሟላ ፍላጎት» የሚባል ቁጥር አለ፣ ኮታ ሲወጣ ብዙ ጊዜ መነሻው እሱ ነው። ቢያንስ ለሁለት ዓመት መውለድ አልፈልግም ያለች፣ ግን መከላከያ የማትጠቀም ባለትዳር እዚያ ውስጥ ትገባለች። «መጠቀምስ ትፈልጊያለሽ?» ተብላ ግን አይደለም። ለምን እንደማትጠቀም ስትጠየቅ በብዙ አገር «ሩቅ ነው» ወይም «ውድ ነው» የሚሉት ጥቂት ናቸው። «የጎንዮሽ ጉዳቱን ፈራሁ» የሚሉት ይበዛሉ፣ «ባሌ አብሮኝ የለም» የሚሉም አሉ። እውነት ለመናገር ኮታ ለእነዚህ መልስ የለውም።

ቢሆንም ቁጥር ይጥፋ አልልም። ገንዘብ ሰጪው ነገ እጁን ቢሰበስብ ምን ያህል ሴት ባዶ እጇን እንደምትቀር የምናውቀው በቁጥር ነው። ማውጣትም ይቆጠር። እዚህ ድረስ መጥቻለሁ፣ ከዚህ በላይ አትጎትቱኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦
አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ የት ነው የተቆጠርኩት?

ቁጥር አዋቂ፦
አንድ መከላከያ ሲሰጥ «ይህን ያህል ዓመት እርግዝና ይከላከላል» የሚል ማባዣ አለ። የሦስት ዓመቷ ዘንግ 2.5 ዓመት ተብላ ትያዛለች። ሦስት ያልሆነችው ቀድመው የሚያስወጡ ስላሉ በአማካይ ተቀንሶ ነው። የምትቆጠረው በገባችበት ቀን ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
ስለዚህ እኔም 2.5 ዓመት ተብዬ ተጽፌያለሁ?

ቁጥር አዋቂ፦
በዚያ አቆጣጠር፣ አዎ።

የሦስት ልጆች እናት፦
አውጡልኝ እያልኩ የተመላለስኩባት ሰባት ወርስ?

ቁጥር አዋቂ፦
እሷም ውስጡ አለች።